ለቤት ውስጥ ፎቶ ስቱዲዮ ፍላሽ ወይስ ቋሚ መብራት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመኖሪያ ቤታቸው አንድ ክፍል አስለቅቀው ፎቶ ማንሳት የጀመሩ ሰዎች ካሜራውን ከገዙ በኋላ ቀድመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። እኔም የምሠራው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ፣ 3 ሜትር በ4 ሜትር በሆነች ክፍል ነው። ሁለቱንም ዓይነት መብራት ገዝቼ ለዓመታት ሠርቼባቸዋለሁ። እዚህ ላይ ፍላሽ የምለው ሸተሩ (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መዝጊያ) ሲከፈት ብልጭ ብሎ የሚጠፋውን ነው፤ ካሜራ አናት ላይ የሚሰካውም በራሱ መቆሚያ የሚቆመውም ያው ነው። ቋሚ መብራት የምለው ደግሞ አንዴ ከበራ እስክናጠፋው ድረስ የሚቆየውን ነው። ዛሬ ይህ በአብዛኛው ኤልኢዲ ነው።

በአጭሩ ንገሩኝ፤ የትኛውን ልግዛ?

ከመብራቱ በፊት ካሜራው ፊት የሚቆመውን አስቡ። ሰው ከሆነ፣ ይልቁንም ልጅ ከሆነ፣ ፍላሽ ግዙ። የማይንቀሳቀስ ዕቃ ከሆነ፣ ማለትም ጫማ፣ ጌጣጌጥ፣ የሸክላ ሥራ ወይም የተሰናዳ ምግብ፣ መካከለኛ ቋሚ መብራትና የማይነቃነቅ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ይበቃችኋል። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ምርጫ የላችሁም፤ ፍላሽ ለቪዲዮ አይሆንም። በስልክ የምታነሱም እንዲሁ፤ የስልክ ካሜራ ከስቱዲዮ ፍላሽ ጋር ጊዜውን አጣጥሞ እንዲሠራ ስላልተሰናዳ ቋሚ መብራት ያዙ።

ፎቶም ቪዲዮም እኩል የምትሠሩ ሆናችሁ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቋሚውን ግዙ፤ የልጆችን ፎቶ እስከዚያው በመስኮት ብርሃን አንሱ።

60 ዋት ኤልኢዲ ገዛሁ። ዓይን ያጥበረብራል፣ ፎቶው ግን ይደበዝዛል። ለምን?

ዓይን ጨለማውንም ብርሃኑንም እየተላመደ ስለሚያይ ለመለኪያነት አይታመንም። ካሜራው የሚቆጥረው ሸተሩ ክፍት በነበረበት ቅጽበት የገባውን ብርሃን ብቻ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 60 ዋት ማለት በአንድ ሰከንድ 60 ጁል (የጉልበት መለኪያ) ማለት ነው። ሸተሩ ለ1/125 ሰከንድ ብቻ ከተከፈተ ከዚያ ውስጥ የሚደርሰን 0.48 ጁል ነው፤ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ካሜራ አናት ላይ የሚሰካ ደህና ፍላሽ ግን በሙሉ ኃይሉ ሲበራ ከ60 እስከ 75 ጁል የሚሆነውን በአንዴ ያፈሰዋል። ኤልኢዲ ኤሌክትሪክን ወደ ብርሃን በመቀየር ስለሚሻል ልዩነቱ በወረቀት ላይ ከሚታየው ይጠብባል፤ ቢጠብም ብዙ እጥፍ እንደሆነ ይቀራል።

ይህን ቁጥር በልጅ ፎቶ ላይ ነው የተረዳሁት። አንዲት እናት 1 ዓመት የሞላትን ልጇን ለልደት ፎቶ አመጣች። የፍላሼ ባትሪ ስላልተሞላ በ60 ዋት ኤልኢዲ ጀመርኩ፤ ኤፍ 5.6፣ 1/125 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 1600። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ አይኤስኦ ደግሞ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው። ልጅቷ ዝም ብላ በተቀመጠችባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ሁሉም መልካም ነበር። ከዚያ ፊኛውን አየችና ማጨብጨብ ጀመረች። እጆቿ በፎቶው ላይ ጭስ መስለው ወጡ። ሸተሩን ወደ 1/500 ሳፈጥነው አይኤስኦውን ወደ 6400 መስቀል ግድ ሆነ፤ የጉንጯ ልስላሴ ጠፍቶ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። በማግስቱ ጠርቻቸው በፍላሽ ደገምኩት፤ ኤፍ 8፣ 1/160 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 100። ኬኩን በሁለት እጇ ስትመታው ፍርፋሪው አየር ላይ እንዳለ፣ እያንዳንዱ ቅንጣት ተለይቶ ቀረ። እናትየዋ ትልቅ አድርጋ ያሳተመችው ያንን ነው።

እጁን የሚያቆመው ሸተሩ ሳይሆን ብልጭታው ነው። ትንሽ ፍላሽ በሩብ ኃይሉ ሲበራ የብልጭታው ዕድሜ ከ1/1000 ሰከንድ ያጥራል፤ ኃይሉን ይበልጥ ስትቀንሱ ይበልጥ ያጥራል።

ፍላሽን አስቀድሜ ሳላየው እንዴት አስተካክለዋለሁ?

ቋሚ መብራት የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ይህ ነው። የአፍንጫ ጥላ የት እንደወደቀ፣ የመነጽር መስተዋት ማንጸባረቅ አለማንጸባረቁን እዚያው እያያችሁ ታስተካክላላችሁ። ለጀማሪ ጥሩ መምህር ነው። ስለዚህ ፍላሽ ለመግዛት ብትወስኑም ጥቂት ምሽቶች አንድ ብርቱካን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና የጠረጴዛ መብራት ዙሪያውን እያዞራችሁ ጥላው እንዴት እንደሚረዝምና እንደሚያጥር ተመልከቱ። ይህ ከገባችሁ ፍላሽም ያንኑ ነው የሚያደርገው። በመቆሚያ የሚቆሙት ፍላሾች አቅጣጫውን የሚያሳይ ትንሽ ቋሚ አምፖል በውስጣቸው አላቸው፤ የቀረውን የካሜራው ስክሪን ከሁለት ሙከራ በኋላ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደማቅ ቋሚ መብራት ፊት የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ያጨናቁራል፣ ብሌኑም ይጠብባል። በፍላሽ ስትሠሩ ክፍሉ ለዘብ ያለ ብርሃን ይዞ ስለሚቆይ ዓይን ዘና ይላል። ለፊት ፎቶ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፍላሽ ፊትን ያደርቃል፣ ቋሚ መብራት ያለሰልሳል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ለስላሳነት የሚመጣው መብራቱ ከተነሺው አንጻር ካለው ስፋት ነው። የቀትር ፀሐይ ጥላዋ እንደ ምላጭ ስለታም ነው፤ ያችው ፀሐይ በደመና ስትሸፈን ሰማዩ ሁሉ መብራት ይሆንና ጥላው ይሟሟል። ፍላሹን በ90 ሴንቲ ሜትር ሶፍት ቦክስ (ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ብርሃን የሚያሰፋ ሳጥን) ውስጥ ከፊት 1 ሜትር ርቀት ላይ ብታቆሙት እንደ መስኮት ይለሰልሳል። ኤልኢዲውን ያለ ሽፋን 3 ሜትር ብታርቁት እንደ መኪና መብራት ይደርቃል።

ሶፍት ቦክስ መግዛት ካልቻላችሁ 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ የእንጨት ፍሬም አሠርታችሁ ነጭ አቡጀዲ ወጥሩበት። እኔ ከመርካቶ በገዛሁት አቡጀዲ 2 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ዛሬም አልጣልኩትም። ከፍላሽና ከኤልኢዲ ጋር ያለ ችግር ይሠራል። የድሮ የሠርግ ቪዲዮ ሃሎጂን ካላችሁ ግን ጨርቅ አጠገቡ አታድርሱ። በጣም ይግላል፣ ቤት ያቃጥላል።

ለጠይም ቆዳና ለነጭ የሀበሻ ልብስ የትኛው ይሻላል?

እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልመልስ፤ የበዓል፣ የመልስና የምርቃት ፎቶዎቻችን በብዛት የሚበላሹት በዚህ ነውና።

መጀመሪያ የብርሃን ልክ። ካሜራው በራሱ ሲለካ ሰፊውን ነጭ ልብስ አይቶ ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ፊት ይጠቁራል። ፊቱን ብቻ አይቶ ሲያበራ ደግሞ ነጠላው ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ፈትሉም ጥለቱም ይጠፋል። መፍትሔው ካሜራውንም መብራቱንም በእጅ ማስተካከልና ብርሃኑን ለፊት ማድላት ነው። ሶፍት ቦክሱን ከዓይን ከፍ አድርጉና መሐሉን ወደ ፊት አቅኑት፤ ልብሱ ከጠርዙ የሚተርፈውን ብቻ ያግኝ። ከጎን፣ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ሲመጣ የጥበቡ ስፌት ከፍ ዝቅ ብሎ ይታያል። ፍላሽ እዚህ ላይ የሚመረጠው ያስተካከላችሁት ልክ ስለማይለወጥ ነው፤ መስኮቱ ላይ ደመና ቢያልፍም አያቱም የልጅ ልጁም በአንድ ዓይነት ብርሃን ይነሳሉ።

ቀጥሎ ወዙ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ውበቱ በሚያንጸባርቀው ወዝ ላይ ነው። ትንሽና ያልተሸፈነ መብራት ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ይጥላል፤ ሰፊ መብራት ግን ያንኑ ነጸብራቅ ከጉንጭ እስከ አገጭ ዘርግቶ የፊቱን ቅርጽ ያወጣዋል። ዱቄት ቀብታችሁ አታጥፉት፤ መብራቱን አስፉት። ይህ ለሁለቱም ዓይነት መብራት እኩል ይሠራል።

የመጨረሻው ቀለም ነው፤ ሁለቱ መብራቶች የሚለያዩትም እዚህ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ቀይን አያወጣም። ቀይ ጥለት የጡብ ቀለም ይይዛል፣ ጠይም ፊት አመድ ይነሰነስበታል። ስትገዙ ሲአርአይ የሚባለውን፣ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያወጣ የሚናገረውን ቁጥር ተመልከቱ፤ ከ95 አይነስ። አር 9 የሚባለው ቁጥርም ከተጻፈ አንብቡት፤ ዋናው ሲአርአይ የ8 ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ ደማቁን ቀይ አይለካም፣ እሱን የሚለካው አር 9 ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ ለመፈተን አንድ ቀይ ነገር፣ በርበሬም ቢሆን፣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመብራቱ ሥርና ከደጅ ጥላ ሥር አንስታችሁ አስተያዩ።

ፍላሽ ቀለሙ ወደ ቀን ብርሃን የቀረበ፣ 5500 ኬልቪን አካባቢ ነውና በቀይ አያሳፍርም። የራሱ ችግር ግን አለው። ሽፋን የሌለው የፍላሽ አምፖል አልትራ ቫዮሌት ይረጫል፤ የፋብሪካ ነጭ ጨርቅና የልብስ ሳሙና ውስጥ ያለው ማንጫ ደግሞ ያንን ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል። አንድ ጊዜ እናትና ልጅ ጎን ለጎን አቁሜ ሳነሳ የእናትየዋ የእጅ ፈትል ነጠላ የወተት ቀለም ይዞ፣ የልጅየዋ አዲስ ቀሚስ ወደ ሰማያዊ አዘንብሎ ወጣ። በአንድ ፎቶ ላይ ሁለቱን ማስታረቅ አድካሚ ነው። ስለዚህ አልትራ ቫዮሌቱን የሚያስቀር ሽፋን ያለው አምፖል ፈልጉ፤ ከሌለም ቤተሰብ ከመነሳቱ በፊት ልብሱን በአንድ የሙከራ ፎቶ እዩት።

ሥራ መሐል መብራት ሲጠፋስ?

ፍላሽ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። በሚሞላ ሊቲየም ባትሪ የሚሠራው 200 ጁል ፍላሽ አንዴ ከተሞላ በሙሉ ኃይል 500 ጊዜ ያህል ይበራል፤ በቤት ውስጥ ደግሞ ሙሉ ኃይል አያስፈልግም። በ4 ባትሪ ድንጋይ የሚሠሩትም አሉ፤ ለእነሱ የሚሞላውን ዓይነት ድንጋይ ግዙ። ኤልኢዲ በሶኬት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሥራው መብራት እስኪመለስ ይቆማል። ባትሪ የሚቀበል ከሆነ ግን 99 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 60 ዋቱን መብራት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬደዋል። የትኛውንም ብትይዙ መብራት እንደጠፋ ከሶኬት ንቀሉት፤ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣና ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። መብራቱ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። በፍላሽ ስትሠሩ ከፎቶው ጠርዝ ሰፊ ጥቁር ግርዶሽ ከታየ ሸተሩን ከልክ በላይ አፍጥናችኋል። የአብዛኞቹ ካሜራዎች ወሰን ከ1/160 እስከ 1/250 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ፍላሹ ሲበራ ሸተሩ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሸተርም አጥፉት፤ በብዙ ካሜራዎች ላይ ፍላሽን ይከለክላል።

በቋሚ መብራት ስትሠሩ ፎቶውን አቋርጠው የሚያልፉ ተደጋጋሚ ጥላዎች ከታዩ ምክንያቱ የመብራቱ መርገብገብ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት። ካልጠፋ መብራቱ ሲደበዝዝ የሚርገበገብ ዓይነት ነውና ሙሉ አብርታችሁ አርቁት።

ክፍሌ ጠባብ ናት። ትልቅ የስቱዲዮ ፍላሽ ያስፈልገኛል?

አያስፈልጋችሁም፤ እንዲያውም ያስቸግራችኋል። 400 ጁል የሆነና ኃይሉ እስከ 1/16 ብቻ የሚቀንስ ፍላሽ ትንሹ ብልጭታው 25 ጁል ነው። በ1 ሜትር ርቀት ላይ ያ ብርሃን በዝቶ፣ ጀርባውን አደብዝዛችሁ በኤፍ 2 ለማንሳት ብትፈልጉ ፊቱ ይነጣል። ለጠባብ ክፍል እስከ 1/128 የሚወርድ ትንሽ ፍላሽ ይሻላል።

በጠባብ ክፍል ከመብራቱ ይልቅ ግድግዳው ነው የሚያስቸግረው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ብርሃኑን ቀለሙን ቀብቶ ፊት ላይ ይመልሰዋል። ከተቻለ ነጭ ቀቡት፤ ተከራይ ከሆናችሁ ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ። ርቀትንም ተጠቀሙበት፤ ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ ተነሺው ከመብራቱ 1 ሜትር፣ የጀርባው ግድግዳ 2 ሜትር ቢርቅ ግድግዳው የሚያገኘው ሩቡን ነው። ነጩ ግድግዳ ሌላ መጋረጃ ሳትገዙ ግራጫ ሆነላችሁ ማለት ነው።

ለጨቅላ ሕፃን ፍላሽ መጠቀም ይቻላል?

እኔ ሕፃን ፊት ላይ ፍላሽ በቀጥታ አላበራም። ወደ ነጭ ኮርኒስ አዙሬ ከዚያ ተመልሶ እንዲወርድ አደርጋለሁ። ሆኖም የተኛ ሕፃን አይንቀሳቀስምና መስኮት ዳር ማንሳት ከሁሉም ይበልጣል። ወላጅ ፍላሽ አልፈልግም ካለ ክርክር አያስፈልግም።

ቡና ሲቀዳ ወይም ምግብ ማንሳት እፈልጋለሁ። የትኛው ይሻላል?

የተቀመጠ ምግብ ከሆነ ቋሚ መብራት። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ስለሆነ ሸተሩን ሩብ ሰከንድ ብታደርጉትም የሚደበዝዝ ነገር የለም፤ ያ 60 ዋት ኤልኢዲ እዚህ ላይ ይተርፋችኋል። የወጡ ዘይት የት እንደሚያብለጨልጭ እያያችሁ ሳህኑን ታዞራላችሁ።

ከጀበና ወደ ሲኒ የሚወርደውን ቡና እንደ ብርጭቆ ዘንግ አቁማችሁ ማሳየት ከፈለጋችሁ ግን ፍላሽ ነው፤ ያውም በዝቅተኛ ኃይሉ። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ኤምአይቲ ያስተምር የነበረው ሃሮልድ ኤጀርተን የወተት ጠብታ ሲፈናጠር ዘውድ መስሎ የሚታይበትን ፎቶ ያነሳው በዚሁ በአጭር ብልጭታ ነው። ፍላሹን ከጀበናው ኋላና ከጎን አድርጉት፤ እንፋሎቱ የሚታየው ከኋላው ብርሃን ሲያገኝና ጀርባው ጨለማ ሲሆን ብቻ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመዴ ሊያመጣልኝ ነው። ምን ልንገረው?

ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይፈልግ። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ የድሮ ስቱዲዮ ፍላሽ በእኛ 220 ቮልት ላይ ይቃጠላል። የሶኬት መቀየሪያም ይያዝ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይገባም፤ በእጅ ሻንጣ ይሁን። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ላለው የአየር መንገዱን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ያባዛ፤ 14.4 ቮልት በ2.9 ሲባዛ 42 ገደማ ይመጣል። መቆሚያና የፍላሽ ብርሃን የሚያሰፋ ጃንጥላ ከዚያ ድረስ አያሸክሙት፤ ከባድ ነው፣ እዚህም ይገኛል።

ሳጥኑ ላይ 600 ዋት ይላል፤ ዋጋው ግን ርካሽ ነው። ልመነው?

አትመኑት። እኔም አንድ ጊዜ አምኜ ገዝቻለሁ። ስለካው ከሶኬት የሚወስደው 45 ዋት ብቻ ነበር፤ ሻጩ ግን መልሶ አልተቀበለኝም። ቁጥሩ የድሮውን አምፖል «ያህላል» ለማለት የሚጻፍበት ጊዜ አለ። በዋት ፈንታ በ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠውን ሉክስ (የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ጠይቁ፤ እሱም ካልተጻፈ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሱቁ ውስጥ አንሱበት።

ፍላሽ ገዛሁ። የመጀመሪያው ቀን ምን ልሥራ?

ወንበር ከጀርባው ግድግዳ 1 ሜትር ተኩል አርቃችሁ አስቀምጡና እግሮቹ ያረፉበትን ወለል በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ካሜራውን ኤፍ 8፣ 1/160 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 100 ላይ አድርጉ። ፍላሹን ሳታበሩ አንድ ፎቶ አንሱ፤ ጥቁር መሆን አለበት። ካልጠቆረ መጋረጃውን ዝጉ፣ የኮርኒሱንም አምፖል አጥፉ፤ ያለዚያ ሁለት ዓይነት ቀለም ፊት ላይ ይቀላቀላል።

አሁን ፍላሹን ከነጃንጥላው ከተነሺው 1 ሜትር፣ ከዓይን ትንሽ ከፍ፣ ከጎን 45 ዲግሪ አድርጋችሁ በ1/8 ኃይል አብሩ። ከነጣ በግማሽ ቀንሱ፣ ከጠቆረ በእጥፍ ጨምሩ። ሲስተካከል በጥላው በኩል ነጭ ካርቶን አቁሙና ጥላው ምን ያህል እንደሚቀልል ተመልከቱ። የመብራቱ መቆሚያ እግር ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት አስቀምጡ፤ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ለነገ አይባልም። በመጨረሻ የደረሳችሁበትን ኃይል፣ ርቀቱንና የካሜራውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። የሚቀጥለው ሰው ሲመጣ ከዚያ ትጀምራላችሁ።